ባለቤቴን በከፊል ስለ መረከቤ

ለተከበሩ የደንበኞች ቅሬታ መቀበያ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እንቅልፍዎስ? ከእኛ ቤት ከጠፋ ስለቆየ፣ ቢያንስ እርስዎ ዘንድ በደህና እንዳለ ብሰማ ደስ ይለኛል።

እኔ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ተቀባይ ሠራተኛዎ ባል ነኝ፤ ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ውሃ የተቋረጠበትን ሰው ሁሉ ስድብ ስታዳምጥ ውላ፣ ማታ የተሳዳቢዎቹን ድምፅ እያስመሰለች በሳቅ የምታፈርሰን ሴት ነበረች። ስለሆነም ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባልደረቦቿ ሲለቁ ምትክ ሳይቀጥሩ የእነሱን ስልክ ለእርሷ ስለደረቡላት አመሰግናለሁ። አህያ እንኳ ጭነት ሲበዛባት መሬት ላይ ትተኛለች፤ ባለቤቴ ግን ይሉኝታ ይዟት ቆማ ቀረች።

፪ኛ. እህል አልወርድ ብሏት ዕረፍት በጠየቀችዎ ጊዜ፣ በዕረፍት ቀኗ «ውጥረትን በፈገግታ ማሸነፍ» የተባለ ሥልጠና ላይ ስላስቀመጧት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ዕለት ፈገግ ብላ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሏል አሉ። እኛ ዘንድ የቀረ ፈገግታ ስለሌለ፣ አንድ ቅጂ ቢልኩልን ውለታዎን አንረሳም።

፫ኛ. ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ትንሿ ልጃችን ከደረጃ ወድቃ፣ ጉልበቷ እየደማ ወደ እናቷ ሮጠች። እናቷ ዐይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል፣ በዚያ በለሰለሰ የሥራ ድምፅ፣ «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» አለቻት። ልጅቷ ማልቀሷን አቆመች። ቀስ ብላ ወደ እኔ መጥታ፣ «አባዬ፣ እማዬ አላወቀችኝም» አለችኝ። ባለቤቴ የተናገረችውን የሰማችው ያኔ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በማግስቱም ለሥራ አልተነሳችም።

ሐኪሙ ይህ ስንፍናም ዕብደትም እንዳልሆነ፣ ሳያባራ የከረመ የሥራ ጫና ሰውን ከውስጥ አሟጦ ሲጨርሰው የሚመጣ መዛል መሆኑን፣ በጥቂት ቀን እንቅልፍም እንደማይጠገን አስረዳን። እርስዎ ግን «ሁላችንም ይደክመናል» ብለው ስንብቷን በመፈረም ሕክምናውን ስላሳጠሩልን አደንቅዎታለሁ። አሁን የልጇን ፀጉር ትሠራለች። መሃል ላይ እጇ ቀጥ ይላል፤ ልጅቷም አንገቷን እንዳዘነበለች ትጠብቃታለች።

የሰው ድካም በቤትዎ ደጅ እንዳያልፍ እየለመንኩ፣ ከተረፈችልኝ ባለቤቴ ጋር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሞኑን ውሃ ተቋርጦብን ስደውል በባለቤቴ ቦታ የገባችው አዲሷ ልጅ አነሳች። ድምፅዋ እስካሁን ይስቃል። ለምሳ ትወጣ እንደሆነ ብጠይቃት «ሌላ ስልክ እየጠራብኝ ነው» አለችኝ፤ የደወልኩበትን ጉዳይ ሳልነግራት ዘጋሁት። የዚችን ልጅ እናት አድራሻ ቢሰጡኝ፣ ሳይረፍድ አንድ ነገር ልነግራቸው እወዳለሁ።