ግራጫ የቀባኋቸው ማሳዎች

ሰኞ

ሞፈሩን ወሰደው። ቀንበሩንም። ይህን ያሉኝ አያ ታፈረ ናቸው፣ በስልክ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ።

አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወገባቸው ከታመመ ወዲህ ደምበጫ አጠገብ ያለ ማሳቸውን አስማረ የሚባል ጎረቤታቸው በእኩል ያርስላቸዋል። የእርሻ ዕቃውን የሚያስቀምጠው እሳቸው ግቢ ነበር። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ተሸክሞት ሄደ። «ዘንድሮ አልችልም» ብቻ ነው ያላቸው።

ዝናቡ ጀምሯል። በሬ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ተይዟል። አሁን ሌላ አራሽ ከየት ይመጣል? ማሳው ጦሙን ካደረ አያ ዓመቱን ምን ይዘው ይወጡታል?

ምን አድርገውት ነው አልኳቸው። «እኔ ምን አደርገዋለሁ? ያንቺን ካርታ አይቶ ነው» አሉኝ። ክው አልኩ። ሌላ ምን እንዳወራን አላስታውስም።

ማክሰኞ

ቢሮ። በር ዘግቼ የራሴን ሥራ እንደ ባዳ ሰው ሆኜ አየሁት።

የቀበሌውን የአፈር ምርመራ መጀመሪያ የሠራሁት በኮምፒውተር፣ ኖትቡክ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ኮዱ፣ ሰንጠረዡ፣ ካርታው፣ ማብራሪያው፣ ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ተደርድሮ። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ይበቃል፤ ሌላ ሰው ግን ከፍቶ አያየውም። አለቃዬ «ሰው በስልኩ የሚያነበው ታሪክ አድርጊው» አሉኝ። የኢንተርኔት ገጽ አደረግሁታ! በጣት እየሳቡ ሲወርዱ ካርታው እየቀረበ ይመጣል፤ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ በመጨረሻ አንድ ማሳ። ማሳው ቀስ እያለ ይቀላል፤ አሲዳማ ነው ማለት ነው። ከዚያ በታች ኖራ እንዴት እንደሚያክመው ይናገራል። ምን ልዋሽ፣ በጣም ወድጄው ነበር።

ታሪኩ ባለቤት ይፈልጋል ስባል የአያን ማሳ መረጥኩ። ስም አልጻፍኩም። ግን ዋርካውና የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የአገሬው ሰው ስም አያስፈልገውም።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። የሰው ዓይን ወደ አያ ማሳ እንዲሄድ ብዬ የቀሩትን ማሳዎች በሙሉ ግራጫ ቀባኋቸው። ኖትቡኩ ላይ ቀበሌው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። የአስማረ የራሱ ማሳማ ከአያም ይብሳል! ገጹን ያየ ሰው ግን የታመመው የአያ ታፈረ መሬት ብቻ ነው ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ የተሳሳተ ቁጥር የለበትም፤ ያም ሆኖ ሰው አሳስቻለሁ።

ረቡዕ

አለቃዬን ገጹን እናውርደው አልኳቸው። ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ፣ የሚያዩት ነገር ይኸው ነው፣ ከዚያ በኋላ እናስተካክላለን አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እሳቸው የሚያስቡት ዓርብን ነው፣ እኔ የማስበው የአያን ማሳ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳልነግራቸው አወረድኩት።

ከዚያ አስተካከልኩት። አንድ መስመር ኮድ ብቻ! ግራጫውን ሳነሳው ቀበሌው ሁሉ ቀላ። ይኸው እውነቱ፣ አሁን ማንም አያን ለይቶ አያይም ብዬ ደስ አለኝ። ከሰኞ ወዲህ እህል አፌ የገባው ዛሬ ነው።

ሐሙስ

ፈቃድ ሳልጠይቅ ደምበጫ ሄድኩ። እስከ ከተማው በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በጭቃ።

አያ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሞፈሩ ይደገፍበት የነበረው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ሁለታችንም ወደዚያ ላለማየት ስንጥር ቆየን። ለካ ካርታውን ለሰው ያሳዩት ራሳቸው ናቸው። አሮጌ ስልኬን ሰጥቻቸው የለ? «የእህቴ ልጅ መሬቴን በስልክ አወጣችው» እያሉ ማኅበር ላይ እያዞሩ ሲያስጎበኙ ነው አስማረም ያየው። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

አዲሱን ካርታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። «ሁሉም እንዲህ ከሆነ እኔን ብቻ ምነው?» አሉ። ታሪኩ እንዲያምር ነው ማለት አሳፈረኝ፣ ግን አልኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ነው የተናገሩት። «ይኸን እንዳታወጪው። እኔ አፈሩን የሰጠሁሽ እንድትመረምሪው ነው፣ አደባባይ እንድታሰጪው አይደለም። ሰዉም አፈሩን የሰጠሽ ለዚያው ነው።» እርስዎስ ታዲያ፣ ማሳዎስ አልኳቸው። «ለአስማረ የራሱን አሳዪው። ለብቻው።» አንድ መስመር ኮድ ብዬ ስኩራራ ነበር ትናንት።

ዓርብ

አያ ቤት አደርኩ። ጠዋት አስማረ ቤት ሄድኩ። አብሮ አደጌ ነው፤ ግቢ አለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ላፕቶፑን ከፍቼ ያንኑ ኖትቡክ አሳየሁት። እየቀረበ የሚመጣ የለ፣ ቀስ እያለ የሚቀላ የለ፣ ሁሉም እንደተዘረገፈ ነው። የራሳቸውን ማሳ ቀድማ ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ «ይኸ በጣም የቀላው የወንዙ ዳር የእኛው አይደለም?» አለች። አስማረ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ባትሪው እያለቀ ነበር።

አያ ታፈረ ይኸን አይተዋል ወይ አለኝ። አይተዋል አልኩት። ምን አሉ አለኝ። ካንተ ሌላ ለሰው እንዳታሳዪ አሉኝ አልኩት። አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

አፈሩን የሚያክመው ኖራ ለሁለቱም ማሳ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ ደግሜ ሰው ላሳስት? «እስቲ ላስብበት» አለ። ሚስቱ እስከ በር ሸኘችኝ።

ቅዳሜ

ማርቆስ ከተማ፣ ቤቴ ተመልሻለሁ። የአለቃዬ መልእክት ስልኬ ላይ ተቀምጧል፤ እንግዶቹ ባዶ ገጽ አይተው ሄደዋል፣ ሰኞ በጽሑፍ እንዳስረዳ። ይሁን። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ያባርሩኝ ይሆን? ፈርቻለሁ።

አሁን አያ ደወሉ። ዛሬ ሰላምታዬን አስጨረሱኝ።

አስማረ ጠዋት መጥቶ ነበር አሉ። ቁጭ በል ቢሉት አልተቀመጠም። ቀንበሩን አስቀምጦ ሄደ። ሞፈሩስ አልኳቸው። ሞፈሩን አላመጣም አሉ። ነገ ያመጣዋል ወይ ብላቸው እኔ ምኑን አውቄ አሉኝ።

ቀንበሩን የት አስቀመጠው አልኳቸው። የድሮ ቦታው፣ ግድግዳው ላይ።