ኪሎ ያለኝ መስሎኝ

ነሐሴ 12
ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ሊጥ ሆኗል። ቢሆንም ወጣን፣ እኔና ቦራ።
ቦራ የባለቤቴ የመርዳሳ ውሻ ነው። ፋሲካ ሰሞን ስትሮክ እስኪጥለው ድረስ ጠዋት ጠዋት አብረው ነበር የሚወጡት። እሱ ከታመመ ወዲህ ውሻው በር ላይ ተጋድሞ ሲያላዝንብኝ… ምን ላድርግ? ገመድ አስሬለት ወጣሁ። እኔ፣ ውሻ ከነካኝ ነጠላዬን የማጥብ ሴት።
መታጠፊያው ላይ ባጃጁን የሚያቆመው ኢፋ ዛሬም ሳይቀልድብኝ አላሳለፈኝም።
"እትዬ የሺዓለም፣ ማነው ማንን የሚያንሸራሽረው?"
"እሱ እኔን። አንተ የሚያንሸራሽርህ አጥተህ ነው?"
ሳቀ። ልጁ ክፉ አይደለም።
ከቤቶቹ አልፈን፣ የነፋስ መብራት ማመንጫ ማማዎቹ ወደሚታዩበት ዳገት ስንደርስ ሽኮኮዎች ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቦራ ጮኸባቸው። ቀና ብለው አዩትና ተመልሰው ተጋደሙ። እንዲህም ንቀት አለ? ሳልስቅ ብዙ ቆይቼ ነበር። ተመስገን።

ነሐሴ 15
አስተናግር አብቧል። ነጭ፣ እንደ ጡሩምባ ረዘም ያለ። መርዝ ነው፣ ቦራን ጎትቼ አሳለፍኩት። ስሙን ግን… አስተናግር። ስሙን ብቻ አንደበቱ ለተዘጋው ለመርዳሳ ቢያውሰው ምን ነበረበት?

ነሐሴ 20
ሆስፒታል ነበርን። እግሩ ተሽሎታል፣ በምርኩዝ እስከ ደጅ ይሄዳል። ምላሱ ግን እንደታሰረ ነው። የሚሉትን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ሆድ ይብሰዋል። ቃል የለም።
ሐኪሙን "ይመለስለት ይሆን?" አልኩት።
"ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ እናቴ። ብቻ ዝም አይበሉት። የሚወደውን ነገር እያሳዩ ስሙን ይጠይቁት።"
የሚወደውን… ምንድነው የሚወደው? ዕድሜውን ሙሉ ሽንኩርት ሲነግድ ኖረ፣ ሽንኩርት ላሳየው? ባጃጅ ውስጥ ሳስበው ሳስበው ቆየሁና መጣልኝ። ይሄንኑ የጠዋት መንገድ ነው የሚወደው። ሲመለስ ኪሱ ላባ፣ የግራር ፍሬ፣ ምን የማይሆን… "ምን ታግበሰብሳለህ?" ስለው "ዝም ብለሽ እዪው" ይለኝ ነበር።
እንግዲህ አሁን የማግበሰብሰው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 26
ላባ አገኘሁ። ሰማያዊ ነው፣ ሲያዞሩት አረንጓዴ ይሆናል። ያቺ ሆዷ ብርቱካን የመሰለው ወፍ ናት የጣለችው፣ ስሟን ማን ያውቃል? ስንት ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ ላባዋን ገና ዛሬ አየሁ።
መርዳሳ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። "ይሄ ምንድነው?" አገላበጠው። አፉን ከፈተ… ዘጋው።
ሊዲ ከላንጋኖ ደወለች። ልጃችን እዚያ ሆቴል ነው የምትሠራው። "አባዬ ተናገረ?" "ነገ" አልኳት። ሁልጊዜ ነገ ነው የምላት። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ጳጉሜን 3
ሩፋኤል። ዳገቱ ላይ ሳለን ዝናቡ ወረደብን፣ እኔም ቦራም ተነከርን። የሰፈር ልጆች እየዘለሉ ይታጠባሉ። እኔም ጠበሉን በጣሳ ይዤ ገባሁና የመርዳሳን ከንፈር አራስኩለት። ፈገግ አለ፣ በግማሽ ፊቱ። ግማሹም ይበቃኛል።

መስከረም 4
አደይ ፈነዳ። ዳገቱ እንዳለ ቢጫ ነው። ቦራ ውስጡ ሲገባ ጅራቱ ብቻ ይታያል፣ ንብ አሯሩጦት ደግሞ ተመለሰ። ዕቅፍ ሙሉ ቀጥፌ መጣሁና መርዳሳ ጭን ላይ አደረግኩለት።
"ይሄ ምንድነው?"
አንዷን አንስቶ አያት። ከዚያ…
"ኪሎ" አለ።
አለ። በጆሮዬ ሰማሁ። እግሩ ሥር ቁጭ ነው ያልኩት። "ምን አልከኝ?"
"ኪሎ።"
ይሁን። ሲመዝን የኖረ ሰው ኪሎ ሳይል ምን ሊል ነው? ሊዲ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ይዘን ተላቀስን።

መስከረም 6
ኪሎ፣ ኪሎ፣ ኪሎ። "የምን ኪሎ? የሽንኩርት?" ራሱን ይነቀንቃል። የድሮውን ሚዛን ከጓዳ ጎትቼ አመጣሁለት፣ በክንዱ ገፋው። ቲማቲም ነው ይሆን ብዬ ገዝቼ መጣሁ። አላየውም።
በመጨረሻ አደዩን አንስቶ ፊቴ ላይ ደቀነብኝ። "ኪሎ።" በቁጣ። እንባው መጣ።
ወጥቼ ቦራ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቃሉ የተመለሰው ተሳክሮ ይሆን? አበባ እያየ ኪሎ የሚል ሰው… ወደፊትም እንዲህ ከሆነስ? እሱ ሲጮህ፣ እኔ ሳይገባኝ?

መስከረም 8
አልወጣሁም። ቦራ ገመዱን በአፉ ይዞ መጥቶ እግሬ ሥር ጣለው። አሁንም አልወጣሁም።

መስከረም 12
ጂቱ መጣች፣ የመርዳሳ እህት፣ ከመልካሳ። ክረምቱን እርሻው ይዟት ነበር።
"አካም ጅርታ፣ የሺኮ? ከሳሽ እኮ።"
"ውሻው ነው ያከሳኝ። ወንድምሽ ደግሞ ገበያ ናፍቆት ኪሎ ኪሎ ይለኛል" አልኳት።
ገብታ አገላብጣ ሳመችው። እሱም ብርጭቆ ውስጥ ወዳስቀመጥኩት አደይ ጠቆማትና ያንኑ አለ።
ጂቱ ወደኔ ዞረች። "የሺኮ… ኪሎ አይደለም እኮ የሚለው። ኬሎ ነው።"
"ምንድነው ኬሎ?"
"አደይ አበባ ነዋ፣ በኛ። አበባ ሲልሽ ሚዛን አመጣሽለት?"
ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ መሳቁንም ማልቀሱንም አላወቅኩትም። ለካ ሰውዬው ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። ምንድነው አልኩት፣ ነገረኝ።
እኛ ቤት ወሬው ሁሉ በአማርኛ ነው። ኦሮምኛውን ለገበያና ለወገኖቹ ነበር የሚያወጣው። እኔ የማውቀው "አካም" እና "ሜቃ" ነው፣ ሰላምታና ዋጋ። በሽታው የእኔን ቋንቋ ሲወስድ የእናቱን ትቶለት ኖሯል።
ጂቱ ላባውን አነሳች። "ኩን ማሊ?" ይሄ ምንድነው ማለቷ ነው። "ሲምቢራ" አላት። ወፍ። ከመንገድ ያመጣሁትን የግራር ቅርንጫፍ አነሳች። "ላፍቶ።"
"ላፍቶ? አዲስ አበባ ያለው ሰፈር?" አልኩ።
"ሰፈሩ ነው ከዛፉ የወሰደው" አለችኝ።
ስትሄድ በር ላይ አቅፋኝ ቆየች። እግዜር ይስጣት።

መስከረም 25
"ኩን ማሊ?" ማለት ለመድኩ። የማየው ሁሉ ሁለት ስም አወጣ። ዛሬ ቆቅ ከነጫጩቶቿ መንገድ አቋረጠች፣ ቦራን አንገቱን አቅፌ ያዝኩት። ቤት ገብቼ በእጄና በጉልበቴ እየሄድኩ፣ እንደ ቆቅ እየጮህኩ አሳየሁት። "ጎጎሪ" አለኝ። ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይለኝ ይሆን…
ኢፋ "እትዬ፣ ኦሮምኛ ጀመሩ አሉ?" አለኝ። "አስተማሪዬ ጎበዝ ነው" አልኩት።
አማርኛው ግን አንድም አልመጣም። ለእኔ የሚለው አጥቶ አይደለም፣ ዓይኑ ይነግረኛል። ይመጣ ይሆን? ባይመጣም እኔ ወደሱ እሄዳለሁ። ብቻ በዚህ ዕድሜ ቋንቋ…

ጥቅምት 19
ዛሬ ሦስት ሆነን ወጣን። ኢፋ ዳገቱ ሥር አድርሶን ሊጠብቀን ቆመ። መርዳሳ በምርኩዙ፣ እኔ በክንዱ፣ ቦራ ፊት ፊት። ሣሩ መድረቅ ጀምሯል፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል። መርዳሳ ቆም ብሎ አየሩን ሳበ። እኔም ሳብኩ። ደስ ይላል።
ቦራ አፍንጫውን ሣር ውስጥ ከትቶ ድርቅ አለ። ሄደን አየን። ኤሊ። ሰፌድ የምታህል፣ ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር።
"ኩን ማሊ?" አልኩት።
"ቆጫ።"
ኮራ ብዬ ደገምኩለት። "ቆጮ።"
ራሱን ነቀነቀ። "ቆጫ።"
"እኮ፣ ቆጮ።"
ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ተጣመመ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጥኩ፣ ያው በሽታ ተመለሰ ብዬ ክንዱን ጨመደድኩት። ለካ ሳቅ ነው። ምርኩዙ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ በአማርኛ፦
"ቆጮ… በክትፎ… ነው።"
ምርኩዙን አላነሳሁለትም። እዚያው ክንዱን ይዤ፣ እንደገና እስኪያሾፍብኝ ጠበቅኩ።