ጎንበስ ብሎ እጅ በመንሣቱ ጤነኛ ስለተባለው ወገብ

ኮሶበር፣ እንጅባራ
ኅዳር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ደርበው፣ የወረዳችን ክሊኒክ ሹም፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። አምላከ ቅዱሳን ከማጅራትዎ እስከ መቀመጫዎ ያለውን አጥንት ሁሉ አንድ በአንድ ይጠብቅልዎ። ይህን የምመኘው ከልቤ ነው፤ ቢታመሙ በአካባቢያችን የሚያክምዎ ከእርስዎ በቀር ማንም የለምና።

እኔ ደሴ ክንዴ እባላለሁ፤ ገብስ የማርስ፣ ከድቁናዬ በተረፈችኝ ፊደል ለጎረቤት ማመልከቻ የምጽፍ ገበሬ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ ለብቻዎ ብልክልዎ ትሕትናዎ ደብቆ እንዳያስቀረው ሰግቼ፣ ግልባጩን በገበያው መግቢያ ለጥፌዋለሁ። ጉዳዩ የባለቤቴ የእታለማሁ ወገብ ነው። ወደ እርስዎ የመጣችው ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ፣ ሴት ልጃችን ገና ጡት ስትጠባ ነበር። ከወገቧ ከፍ ብሎ የገባው ሕመም ሲመሽ ትኩሳት ያመጣባት ነበር፤ ሰውነቷም ከስቶ፣ ሕፃኗን ልታዝል ስትነሣ ጥርሷን ትነክስ ነበር። አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሰላምታዎ። እታለማሁ ስትገባ እንዴት ነሽ ብለው ጠየቋት፤ እሷም በሥርዓት እንዳደገ እንደ ማንኛውም የአገራችን ሰው፣ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለችዎ። እኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ከቀብር የሚመለስ ሰው እንኳ ቢጠየቅ አስቀድሞ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሕመም የሚነገረው ከምስጋና ቀጥሎ ነው። እርስዎ ግን ቀጣዩን ሳይጠብቁ፣ በሽተኛዋ ራሷ ደኅና ነኝ ብላለች ብለው ፈረዱ። የእሷ አማርኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ የቀረውን ልትነግርዎ የነበረው በአገውኛ ነበር። ላስተረጉምላት ብመጣ ዘበኛዎ ወንድ አይገባም ብሎ ሕፃኗን እንደታቀፍኩ ከደጅ አስቀረኝ። ለጨዋነቱ ሽልማት ይገባዋል፤ በሩን ክፍት መተዉ ግን ስሕተት ሳይሆንበት አልቀረም፤ ሁሉን አይቻለሁና።

፪ኛ፤ ስለ ምርመራዎ። ምርመራ ማለቴ ሌላ ቃል አጥቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እታለማሁ በሹም ፊት እንደ እንጨት ተገትሮ መናገር ነውር መሆኑን ከልጅነቷ ታውቃለችና፣ ከወገቧ ታጥፋ፣ ግንባሯ ወደ ጉልበቷ እስኪቀርብ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችዎ። ስትቃና ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። እርስዎ ግን ያዩት መጎንበሷን ብቻ ነበርና፣ ሳቅ ብለው፣ እንዲህ የሚታጠፍ ወገብ እንኳን ሊታመም ለሌላም ይተርፋል አሉ። ለክብርዎ ብላ የታገሠችውን ሥቃይ የጤናዋ ማስረጃ አድርገው ቆጠሩባት። ይህ ጥበብ የሚሰጥበትን ትምህርት ቤት ባውቀው ልጄን ከዚያ አርቃት ነበር። ነጠላዋን ገለጥ አድርገው ጀርባዋን ቢያዩ ኖሮ፣ ከሌሎቹ ወጣ ብላ የቆመችውን አንዲት አጥንት ያገኟት ነበር። እኔ ገበሬው ቅቤ ስቀባት በጣቴ አግኝቻት ነበር።

፫ኛ፤ ስለ መድኃኒትዎ። የራስ ምታት ክኒን ሰጥተው፣ ወገብ ሲያርፍ ይሰንፋል፣ ሥራ ነው የሚያጠነክረው ብለው መከሯት። ለዚህ ምክር ምስጋናዬ የተለየ ነው፤ እታለማሁ እንደ ንስሐ አባቷ ቃል አድርጋ ፈጽማዋለችና። እንስራውን እኔ ልሸከም ብላት ሐኪሙ አዝዟል ብላ ከለከለችኝ። ወፍጮው ላይ ተደፍታ ስትፈጭ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ከውጭ እሰማ ነበር። በሚያዝያ እግሯ መደንዘዝ ጀመረ፤ በሰኔ ከምንጭ ስትመለስ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመችም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ ግን አልደበቀችም፤ በጀርባዋ ተሸክማ፣ በእግሯ ሄዳ፣ ፊትዎ ድረስ አምጥታልዎት ነበር።

ጎረቤቶቼ በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አደረሱልን፤ ከዚያ በእህል ጫኝ መኪና በዳንግላ በኩል አድርገን ሩቅ ካለ ሆስፒታል ገባን። የዚያ ሐኪም በመጀመሪያ አስተርጓሚ አስጠራ፤ ደኅና ነኝ ስትለውም ራሱን ነቅንቆ ቀጣዩን ጠበቀ። በሆዷ አስተኝቶ ጣቱን ከማጅራቷ ጀምሮ አጥንት በአጥንት ቁልቁል አወረደው፤ ወጣ ያለችዋ ላይ ሲደርስ እታለማሁ ጮኸች። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነክቶ፣ ራጅ አስነሣት። ሳንባ የሚበላው ነቀርሳ የጀርባዋን አጥንት በልቶ፣ መግሉ ወደ እግሯ የሚወርደውን ሥር ተጭኖታል አለኝ። በእግሯ እየሄደች ሳለ ብትመጣ ኖሮ መርፌና ረዥም ዕረፍት ሊያድናት ይችል ነበር አለ። ዕረፍት ሲል እርስዎን አስታወስኩ። መርፌው ነፍሷን አተረፈልኝ፤ እግሯን ግን አልመለሰውም።

አራተኛም ነበረኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ትሕትናዬ እዚህ ላይ ቢደክም ይታገሡኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ልቤ ተሰብሯል። እታለማሁ ከገበያ ስትመለስ ከብዙ ሰው መካከል፣ ፊቷ ሳይታየኝ፣ በአካሄዷ ብቻ ለይቼ የማውቃት ሴት ነበረች። አሁን እሷ የት እንዳለች ለማወቅ የማየው ወደ መሬት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የምለምንዎ ግን ነገ በርዎ ላይ ስለምትቆመው ሌላ ሴት ነው። አክብሮቷን ተቀብለው ሲያበቁ፣ አገውኛ የሚያውቅ ሰው ይጥሩላት፣ አልጋው ላይ ያስተኟት፣ ጀርባዋንም በጣትዎ ይዳስሱ። ጣት ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወጪ ተደርጎ የሚመጣ አይደለምና፣ ዕቃ አልደረሰንም የሚለው የዘወትር መልስዎ ለዚህ አይሆንም።

እሑድ እሑድ ሚስቱን አዝሎ ቅዳሴ የሚያደርስ፣
በዚያም የእርስዎን ስም ከድውያን ተርታ አስገብቶ የሚያስጸልይ፣
ታዛዥዎ ደሴ ክንዴ

ማስታወሻ፤ ስለ ልጃችን ቢጠይቁ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ሲያደርግ እንዳየሁት ጀርባዋን አጥንት በአጥንት ዳስሼዋለሁ፤ እሱም ራሱ አይቷት ምንም የለባትም ብሏል፤ ስለዚህ ወደ እርስዎ አምጥቼ አላደክምዎትም። ይሁንና ቆማ አትሄድም። እጇን ይዘን ስናቆማት እየሸሸች ቁጭ ትላለች፤ ከእናቷ ጎን ሆና እግሯን ከኋላዋ እየጎተተች በእጆቿ ትከተላታለች። መሄድ ማለት እሱ መስሏታል።