ንስሩና ከኋላው ያለው ተራራ፦ የአቶ ሄልመር ሉንድማርክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሄልመር ሉንድማርክ ከአባታቸው ከአቶ አርቪድ ሉንድማርክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 በሰሜን ስዊድን፣ በግራንሴል መንደር ተወለዱ። አባታቸው በረዶ በሚቀልጥበት ወራት የተቆረጠ ግንድ በወንዝ እየሰደዱ ወደ ባሕር የሚያወርዱ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ይህ ልጅ ከመናገሩ በፊት ማድፈጥ ቻለ” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ወፍ ሲያዩ ስለሚውሉ መምህራቸው ከመስኮቱ አንስተው ምድጃው አጠገብ አስቀመጧቸው፤ ውጤታቸው ግን አልተሻሻለም። በ1957 በዛፍ ቆራጭነት ተቀጠሩና በደመወዛቸው የመጀመሪያውን ካሜራ ገዙ። አባታቸው ካሜራውን አገላብጠው አይተው “በዚህ ሥጋ አይገኝም” ብለው መለሱላቸው።

በ1963 የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከሳሚ አጋዘን አርቢዎች ወገን የሆኑትን ወይዘሮ ማሬትን አገቡ። ለሽምግልናው እራት በቀረቡበት ዕለት ጨዋታ የጀመሩ መስሏቸው የማሬትን ታላቅ ወንድም ኢሳትን “ስንት አጋዘን አለህ?” ብለው ጠየቁ። በእኛ ዘንድ ይህ አይጠየቅም። ኢሳት የሚግጡትን አጥንት አስቀምጠው “አንተስ ባንክ ውስጥ ስንት አለህ?” አሏቸው። ከሳቁ በኋላ ሁለቱ አማቾች የማይነጣጠሉ ሆኑ። ድብ በየት እንደሚሻገር፣ ነፋስ በየትኛው ገደል ሥር እንደሚያርፍ ለአባታችን ያሳዩአቸው ኢሳት ናቸው።

አባታችን ከዚያ በኋላ በትርፍ ጊዜያቸው፣ በኋላም ሥራቸውን ትተው፣ የዱር አራዊትን ፎቶ በማንሳት ኖረዋል። ከቅርንጫፍና ከሸራ በሠሯት መደበቂያ ውስጥ፣ ንስር ለመሳብ ካስቀመጡት የሞተ እንስሳ አጠገብ ውለው ሲመለሱ ሽታቸው ቀድሟቸው ይደርስ ነበር። እናታችን በሩ ላይ ቆመው “ልብስህን ማገዶ ቤት አውልቀህ ግባ፤ እኔ ያገባሁት ሰው ነው” ይሏቸዋል። ያ ሽታ ዛሬ ቢመጣ በደስታ እንቀበለው ነበር።

በ1976 ንስር ጫጩቷን ስትመግብ ያነሱት ፎቶ በዋና ከተማው ጋዜጣ ወጣ። ከጎጆው ኋላ ባለ ሁለት ጉብታው የሩሳቫሬ ተራራ ይታይ ነበር። የከተማው ሰው ንስሯን አየ። የእኛ አገር ሰው ግን ተራራውን አየ፤ ጉብታዎቹ ከየት በኩል እንደዚያ እንደሚታዩ የሚያውቅ ሁሉ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ድንጋይ ሳይቀር ያውቃል። በዚያ ዓመት ንስሮች ብዙ የአጋዘን ግልገል ጨርሰው ነበር። በሚቀጥለው የጸደይ ወራት አባታችን ሲወጡ ጎጆው ፈርሶ ገደሉ ሥር ተበትኖ አገኙት፤ ወፎቹም አልነበሩም። እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ። በዚያ ገደል ዙሪያ አጋዘን የሚያሰማራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኢሳት።

ይህን የምንጽፈው ዛሬ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አጎታችን ኢሳት “ጻፉት፤ እሱ ከቀረ ታሪኩ ውሸት ነው” ስላሉን ነው።

አባታችን ማንንም አልከሰሱም። ሁለቱ ግን ተኮራረፉ። በበዓል አንድ ገበታ ላይ ይቀመጡና አንዱ “ማሬት፣ ጨው አቀብለኝ በይው” ሲሉ፣ ሌላው “የራሱ እጅ አለው በይው” ይላሉ። እናታችን መሃል ተቀምጠው ጨው በማቀበል አረጁ።

ከዚያ ወዲያ አባታችን ተራራ የሚታይበት ፎቶ አላወጡም። ድቡም፣ ጉጉቱም፣ ሊንክስ የምትባለው የጫካ ድመትም በጉም ወይም በበረዶ ፊት ብቻ ይነሱ ነበር። የከተማ አዋቂዎች “ረቂቅ ነው” ብለው አደነቁ። እሳቸው “ረቂቅ አይደለም፤ ሰው ፈርቼ ነው” ይሉ ነበር። በልጅነታችን በጫንቃቸው ተሸክመው ያወጡን ተራሮች፣ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው፣ በዕድሜ ልክ ሥራቸው ውስጥ የሉም። ይህ ያሳዝነናል።

በ2016 የሳንባ ሕመም ያዛቸው። በቀጣዩ ዓመት በሚያዝያ ኢሳት የበረዶ ሞተራቸውን በራችን ላይ አቁመው ገቡ።

“ተነስ። የማሳይህ ነገር አለ።”

“ምን?”

“በእግርህ ትመጣለህ ወይስ ልሸከምህ?”

በአጋዘን ቆዳ ጠቅልለው፣ ሞተሩ በሚጎትተው ሸርተቴ ላይ አስተኝተው ወሰዷቸው። ከሩሳቫሬ ወዲያ፣ ኢሳት አጋዘኖቻቸውን በሚያስወልዱበት ሸለቆ፣ ንስር ጎጆ ሠርታ ታቅፋ ነበር። ኢሳት ለዓመታት ያውቁ ነበር።

“ግልገሎቼን ትበላለች፤ እኔ ደግሞ ጎጆዋን እጠብቃለሁ። ይህን ለማን ልንገር? ሰው አብዷል ይለኛል።”

አባታችን ከሸለቆው ማዶ ካሜራቸውን አቀኑ። ኢሳት ጎንበስ ብለው አይተው ደነገጡ።

“ተራራው ገብቷል እኮ። ሰው ያውቀዋል።”

“ይወቀው” አሉ አባታችን፤ አነሱትም።

አባታችን በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው በየካቲት 2018፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ማሬትን፣ ልጆቻቸውን ኢንጋንና ዮቭናን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አማቻቸውንና ወዳጃቸውን ኢሳትን ትተው ሄደዋል።

በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ የምታዩት ያ ፎቶ ነው፤ የትም ወጥቶ አያውቅም። እዚህ እንዲታተም ያዘዙት እሳቸው ናቸው። እናታችን “ሄልመር፣ ግማሹ ቀባሪ እኮ አጋዘን አርቢ ነው” ቢሏቸው፣ “የሚሸከሙኝ እነሱ አይደሉም እንዴ?” ብለው መለሱ። ስለዚህ ተራራውን ያወቃችሁ ሁሉ ጎጆው የት እንዳለ አሁን ታውቃላችሁ። ንስሮቹ በመጋቢት ይመለሳሉ።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በብርሃን ያሳርፍ፤ እኛንም እንዳመኑን ያድርገን።