ዘንዶዬን ይዘህ ና

እንቅልፋሙ፣

የካርድ ውድድሩ ፍጻሜ ዛሬ ነው ብዬ ሳስብ ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ቀድሜህ ወጣሁ።
ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነው። በሩን ሁለቴ ቆልፈው፣ አለዚያ ይከፈታል።

ጠዋት የትናንቱን ጨዋታ ብቻዬን ዘርግቼ ደገምኩት። የጋሻ ካርድህን ለራስህ ሳታስቀር የእኔን ዘንዶ ባትሸፍንበት ኖሮ፣ በሚቀጥለው ዙር ለሁለታችንም አብቅቶልን ነበር። ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «ካርድ የማታውቅ» ስልህ የመጣሁት ነገር…
ተወው። ብርጭቆህን አጥቤልሃለሁ።

ተጋጣሚዎቻችን፣ መንትያዎቹ ፀጉር አስተካካዮች፣ ዛሬም ዘንዶዬን ሲያሳድዱ ሊውሉ ነው። ሳቄ ከአሁኑ እያመለጠኝ ነው፤ ማንም እንዲነካው የማልፈቅደውን ዘንዶ በአንተ ካርዶች መሃል ከትቼዋለሁ። እኔ ጋ ሲፈልጉት ይዋሉ።

ጋሻዎቹን በሙሉ እኔ ወስጃለሁ። ዛሬ የምሸፍንህ እኔ ነኝ።