አጥር ተብሎ የተቀባው ባምፐሬ

ለተከበሩ አቶ ለገሰ
የሰፈራችን የመንገድ ዳር አጥር ቀለም አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮሚቴዎን የቀለም መርጫ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝ ምኞቴ ነው። እኔ ከፈለኝ ነኝ፤ ከግቢዎ ዝቅ ብዬ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቀይ ኮሮላ ባለቤት። ቀይ ማለቴ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ነው። ደብዳቤዬን በእትዬ አስማ ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩትም ሰፈሩ ምስጋናዬን አብሮኝ እንዲያነብ ብዬ እንጂ እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ልብዎ ያውቃል።

ከምስጋናው በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ልጄ ብስራት ዋጫ የምትኖረውን ዮሀናን ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ከአባቷ ከአቶ አብዮት እንዲጠይቁልን ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ለመላክ ቀን ቆርጠን ነበር። ሽማግሌዎቹን የማደርሰው እኔ ስሆን፣ የመኪናዬ የፊት ባምፐር ግን ድንጋይ ልጦት፣ የበሮቹም የጎን ፕላስቲክ ቀለሙ ተቀርፎ፣ ለአማች የሚቀርብ ፊት አልነበረውም። ባለቤቴ ወሰንየለሽ ጅማ ወስደህ አስቀባው ብትለኝ፣ ራሴ እቀባዋለሁ ብዬ ፎከርኩ። ፕላስቲኮቹን ፈትቼ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ውኃ እያስነካሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ጭረቱን በስቱኮ ሞልቼ፣ ፕላስቲክ ላይ የሚይዘውን የሥር ቀለም አስቀድሜ፣ ቀዩን በስሱ ደራርቤ ስጨርስ ወሰንየለሽ ራሷ ዞር ብላ ደግማ አየችው። ለእኔ ከዚህ በላይ ሽልማት የለም። ግቢዬን እንሰትና ቡና ስላጠለሉት፣ የቦንጋ ፀሐይ ደግሞ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ብቅ ብላ የምትሰወር ስለሆነች፣ ቶሎ እንዲደርቁልኝ በመንገዱ በኩል ባለው የቆርቆሮ አጥሬ ላይ በሽቦ ሰቅያቸው ማንኪራ ለቅሶ ሄድኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ልጆቹ መንገዱን ይዘው እየቀቡ እንደሆነና ከድልድዩ እስከ ገበያው አንዲት ስንዝር እንደማትዘለል በኩራት ሲነግሩኝ፣ እግዜር ይስጥልን ብዬ የመረቅኩዎት እኔ ነበርኩ። በእርግጥም የእኔ አልተዘለለችም። ስመለስ ባምፐሬ ከነጎን ፕላስቲኮቹ ከአጥሩ ጋር አንድ አካል ሆኖ፣ ከላይ ግራጫ ለብሶ፣ ከታች አረንጓዴ መቀነት ታጥቆ፣ መሃል ግንባሩ ላይም ባለቀለት አጥር ሁሉ ላይ የሚጻፈው «ተቀብቷል» የሚል ነጭ ጽሑፍ ሰፍሮበት ጠበቀኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠራተኞችዎ ታዛዥነት። እትዬ አስማ ከሱቃቸው ወጥተው «ኧረ ይሄ የመኪና ነው!» ቢሏቸው፣ «አጥር ላይ ያለ ሁሉ ነው የተባልነው» ብለው መለሱላቸው አሉ። እትዬ አስማም ይህን እንደ ሰሙ ከራሳቸው አጥር ላይ የተሰጣውን የባለቤታቸውን ኮት በሩጫ አነሱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀለሙ ታማኝነት። ጫፉን በቲነር ላስለቅቅ ብሞክር፣ ግራጫዎ ብቻዬን አልሄድም ብሎ የእኔን ቀይ እጁን ይዞ ተነሣ፤ የቀረልኝ የተላጠ ፕላስቲክ ነው። ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ መሰብሰብ እንዴት እንደሚያስቸግር እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ባምፐሩን እንዳለ አሰርኩትና እሁድ ጠዋት ጉዞ ጀመርን።

አራተኛ፣ በመንገድ ላይ ስላገኘነው ክብር። ኬላው ጋ ሳንደርስ የኮሚቴ መኪና መስለናቸው ገመዱ ወረደልን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ገብረ ኢየሱስም በሁኔታው ተደስተው፣ እስከ ዋጫ ድረስ ለመንገደኛው ሁሉ በመስኮት እጃቸውን ሲያወዛውዙ ሄዱ።

ችግሩ ዋጫም እንደ እኛው በዚያው ግራጫና አረንጓዴ የአጥር ዘመቻ ላይ መሆኗ፣ አቶ አብዮትም አጥራቸውን ገና አለማስቀባታቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ወርደው በር ሲያንኳኩ እኔ የልጁ አባት ነኝና እንደ ወጉ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። አቶ አብዮት በበሩ ቀዳዳ አጮልቀው ያዩት ግን ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ከኋላቸው የቆመውን «ተቀብቷል» የሚል ግንባር ነው። «መዋጮውን ሰጥተናል!» አሉ ከውስጥ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ በበኩላቸው ሽማግሌ እንደሚለው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እሺ ሳንባል አንሄድም ቢሉ ሰውየው ይብሱን ተሸበሩ፤ እስከ ማክሰኞ ድረስ አስቀባለሁ ብለውም ማሉ። የመጣነው ለአጥርዎ ሳይሆን ለልጅዎ ነው ሲባሉ ድንጋጤያቸው ወደ ቁጣ ዞረና፣ «ልጄን በኮሚቴ የሚጠይቅ ቤት በስብሰባ ነው የሚያኖራት» ብለው በሩን ዘጉት።

ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መመለሱ ወግ ነው፤ የሚመለሰው ግን እንመካከርበት ተብሎ እንጂ በር ተዘግቶበት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብስራት ማዕድ ላይ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ፊቱም ከግራጫዎ ይልቅ አመድ መስሏል። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቀለድ ያቅተኛል። ልጄ አዝኗል፤ እኔም ስለ እሱ አዝኛለሁ።

ስለሆነም የምለምንዎ ሌላ ቀለም አይደለም፤ ቀለምስ ጠግቤያለሁ። አቶ አብዮት ንዴታቸው ሲበርድ በሰው በኩል ቃል ልከዋል፦ በሚመጣው እሁድ ሽማግሌው ይመለስ፣ ነገር ግን ያንን መኪና ያስቀባው ሰብሳቢ አብሮ መጥቶ፣ አጥርና መኪና እንደተምታቱበት በራሱ አንደበት ይንገረኝ ብለዋል። የፊት ወንበሩን ጠርጌ አዘጋጅቼልዎታለሁ። እዚያ ስንደርስ እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች እሺ እስኪባሉ ድረስ በእግርዎ እንዲቆሙ፣ ስለ ኮሚቴው የሥራ ክንውንም አንዳች ቃል እንዳይተነፍሱ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

ውለታዎ እንደ ቀለምዎ በቀላሉ የማይለቀኝ፣ አቶ አብዮት እሺ ካሉም በሰርጉ ዕለት ከአዳራሹ አጥር ርቀው እንዲቀመጡ በክብር የምጋብዝዎ ጎረቤትዎ፣

ከፈለኝ
የቀድሞው ባለ ቀይ ኮሮላ

ማስታወሻ፦ እሁድ የምንሄደው ያለ ባምፐር ነው፤ ጥርሰ ወላቃ መኪና ከኮሚቴ መኪና ይሻለኛል ብለዋል አቶ አብዮት። ባምፐሩን ግን አልጣልኩትም። ከድልድዩ እስከ ገበያው በእግሬ ብዞር ዝገቱን እንደ ያዘ የቀረ አንድ አጥር ብቻ አገኘሁ፤ እሱም የእርስዎ ነው። ስንዝር አይዘለልም ያሉት ቃል መሬት እንዳይወድቅ ብዬ ዛሬ ጠዋት ባምፐሩን እዚያ በሽቦ ሰቅዬልዎታለሁ፤ «ተቀብቷል» የሚለውንም ወደ መንገዱ አዙሬዋለሁ።