ናስትሮ የተለጠፈበት መብራት

ወንድሜ ጠሀ፣

መኪናህ ዳሽቦርድ ላይ ባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ላይ የለጠፍከውን ጥቁር ናስትሮ አንስቼዋለሁ። አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

መኪናው ቆሞ ሲሠራ የሚያንቀጠቅጠው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ነው። ቦቢናዎቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠው ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው፤ የሞተው እሱ ነው። እዚያ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፤ ቱቦውን ያግለዋል።

ትናንት «አንቺ ደሞ፣ በአምፖል ትደነግጫለሽ?» ብለህ ሳቅክብኝ።

የመኪናውን ቁልፍ ሳልጠይቅህ ስለያዝኩ ይቅርታ። አዲስ ቦቢና ከመሳለሚያ ገዝተህ ስትመጣ እሰጥሃለሁ።

ለአረፋ የገዛኸውን በግ ወደ ጓሮ አዛውሬዋለሁ። ያመጣህለትን ጭድ ከመኪናው ሥር ስጠርግ፣ ከጭስ ማውጫው ትክክል ያለው ከስሎ አገኘሁት።

ልጅህ ራህማ የምትተኛው መኪናው ከቆመበት ግድግዳ ወዲያ ነው።

ማሂራ